የዲያቆኑ ተልባ

ስለ ስፖርት ጨዋነት ሲወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተሸንፎ የአሸናፊውን እጅ በፈገግታ የሚጨብጥ ሰው ካየሁ፣ ወይ መሸነፉ አልገባውም ወይ ይዋሻል እላለሁ። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ አልተለወጥኩም። ሰቆጣ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ሰባቱንም ዓመት ሯጮች አሠልጥኛለሁ። አሠልጣኝ ያደረገኝ እውቀት አልነበረም። ከመምህራኑ ሁሉ ፊሽካም የእጅ ሰዓትም የነበረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ደሴ ላይ ሮጬ አራተኛ ወጥቻለሁ። ሦስቱ ተሸለሙ፤ እኔን ስሜን እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም። መምህር ሆኜ ወደ አገሬ ስመለስ ይህን ቂም ይዤ ነው የተመለስኩት፤ የተወጣሁትም በልጆቹ ላይ ነው። በልምምድ መጨረሻ የገባውን ሳምንቱን ሙሉ የሌሎቹን ልብስ አሸክመው ነበር። ያለቀሰውን ሁለት ዙር እጨምርለታለሁ። የደከመው ሲያነክስ እኔም ከኋላው እያነከስኩ አስቅበት ነበር። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያልኩ ከውድድሩ ብዙ ቀደም ብዬ አስጀምራቸዋለሁ። በእኔ ዘመን የሰቆጣ ልጆች ከአምደወርቅም ከኒሯቅም ልጆች ይፈጥኑ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ስንቶቹ ሩጫን ጠልተው እንደቀሩ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ከሁሉም የበለጠው ሯጬ ከፃግብጂ በኩል የመጣ ዲያቆን ነበር። ዕድሜው ሃያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የሚማረው ግን ስድስተኛ ክፍል ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ተማሪ ብዙ ነው። ድቁናውን ተቀብሎ ካበቃ በኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። አማርኛው ላይ ኽምጣኛው ይሰማል፤ ሲሮጥም እርምጃውን በኽምጣኛ ይቆጥር ነበር። "መምህር" ማለት አልሆንልህ ብሎት እንደ ቄስ ትምህርት ቤቱ "የኔታ" ይለኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት፤ በኋላ ተውኩት።

አባቱ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ያለ ደብር ቄስ ነበሩ። ልጁ አርብ አርብ ወደ እሳቸው ይወርዳል፤ እሁድ አብረው ቀድሰው ማታ ይመለሳል። አባትየው ከፋሲካ በኋላ ሊድሩትና ሊያቀስሱት ቆርጠዋል። እሱ ግን መማር ይፈልጋል። ለምኖ ለምኖ አንድ ነገር አስፈቀደ። በአውራጃው ውድድር አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣ ደሴ ይሄዳል። ደሴ ላይ የቀናው ሯጭ እዚያው ትምህርቱን የሚቀጥልበት መንገድ ይገኝለት ነበር፤ ከእኔ ልጆች ሁለቱ እንዲያ ብለው ቀርተዋል። ካልወጣ ግን ወደ አባቱ ተመልሶ የታጨችለትን ያገባል። "ድቁናዬን ግን አልተውም" አለኝ። "ደሴም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጠይቄያለሁ።"

ችግሩ ውድድሩ ሁልጊዜ የሚውለው በሁዳዴ መሆኑ ነው። ዲያቆኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ያው እንጀራ በሽሮ ነው። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ጉድ ይሮጣል፤ በመጨረሻው ዳገት ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ቀን ለብቻው ጠራሁትና፣ "ግደፍ" አልኩት። "ለአምስት ሳምንት ወተትና እንቁላል ብትበላ እግዚአብሔር ካንተ ጋር አይጣላም። ከፋሲካ በኋላ ንስሐ ትገባለህ።"

ፈገግ አለ። "የኔታ፣ ፊሽካው ሳይነፋ የተነሣ ሯጭ አንደኛ ቢገባ እርስዎ አሸነፈ ይሉታል?"

ተማሪዬ በገዛ ሙያዬ ገብቶ ረታኝ። ከጾሙ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። "በል ሂድ፣ ዳገቱን አምስት ጊዜ ውጣ" ብዬ አባረርኩት፤ አምስት ጊዜ ወጥቶ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ተልባው የመጣልኝ ያን ማታ ነው። ተልባ የጾም ነው፤ ቄሱም ዲያቆኑም ይጠጣዋል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃና በማር ሲበጠበጥ ይዝለገለጋል። እንቁላል ተመትቶ ቢገባበት መዝለግለጉ ከየትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል? እንዳይነቃብኝ መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩት። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጥቼ ምንም አልተሰማኝም፤ ይበቃል አልኩ።

በሁዳዴ እንቁላል የሚበላው ስለሌለ እንደ ልብ ነው። ጎረቤቴ ዶሮ የምታረባ፣ ባል የሞተባት ሴት ነበረች። እንቁላል ስጠይቃት ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

"መምህር፣ በጾም እንቁላል ምን ያደርግልዎታል?"

"ላሳቅፍ ነው።"

"ዶሮ የለዎትም እኮ።"

"ዶሮዋንም እገዛለሁ።"

"ኧረ ተዉ! መጀመሪያ ዶሮዋን ነው የሚገዙት" ብላ ሳቀችና ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ባየችኝ ቁጥር ጫጩቶቹ እንዴት ሆኑ እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ከሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ዲያቆኑ ትምህርት ባለበት ቀን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤቴ ይመጣል። ኩባያውን በሁለት እጁ ይቀበላል። ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። ጠጥቶ ሲጨርስ "ለነፍስዎ ይሁንልዎ የኔታ" ይለኛል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ወርደን አስሮጠዋለሁ። ማታ ደብተሬን አወጣና ቀኑን፣ የሮጠበትን ደቂቃ፣ ነፋስ መኖሩንና አለመኖሩን እጽፋለሁ። እንቁላል በጠጣበት ቀን አጠገብ ትንሽ ክብ አደርጋለሁ። ሥራዬን የምሠራ ሰው ነበርኩ።

አርብ አርብ ጠጥቶ ወደ አባቱ ይወርዳል። እሁድ ከአባቱ ጋር ይቀድሳል፤ ከአባቱ እጅ ይቆርባል። ይህን ሳላውቅ አይደለም። ያኔ ምን ተሰማህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ አስቆኝ ነበር እለዋለሁ። በክርክር የረታኝን ልጅ በኩባያ ረታሁት ብዬ ለብቻዬ ሥቄያለሁ።

አንድ ረቡዕ ብቻ ክብ አላደረግኩም። ሸለምጥማጥ ከጎረቤቴ ቆጥ ገብቶ ዶሮዎቿንም እንቁላሏንም ፈጅቶባት አደረ፤ ያን ቀን ተልባውን እንዳለ ሰጠሁት። በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር ከገበያ ገዝቼ ቀጠልኩ።

ውድድሩ የዋለው በስድስተኛው ሳምንት አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአምደወርቅና ከኒሯቅ መምህራን ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጡት ሹም ከወንበራቸው ተቀምጠው ይዳኛሉ። መንገዱን የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ከሜዳው ተነሥቶ ወንዙን ይሻገራል፤ ዳገቱን ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር አልፎ ወደ ሜዳው ይመለሳል። እኔ ልጆቼን ያለማመድኩት በወዲያኛው ዳገት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር አንድም ቀን አሳልፌያቸው አላውቅም። የአሠልጣኝነት ስሕተቴ ምን ነበር ብትሉኝ ይህ ነው እላችሁ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ይህ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከጉብታ ላይ ቆሜ መንገዱን ሁሉ አያለሁ። ዲያቆኑ ወንዙን ሲሻገር ብቻውን ነበር። ዳገቱንም ጨረሰው፤ ጉልበቱ አልከዳውም። ሁለቱ የአምደወርቅ ልጆች ከኋላው ርቀው ይታገላሉ። ፊሽካዬን ጨብጬ እንደ ሕፃን እዘላለሁ። ልክ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር ሲደርስ ደወሉ ተደወለ።

በሁዳዴ በሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ደወል ድርገት መውረዱን፣ ሥጋ ወደሙ መውጣቱን የሚናገር ነው። በመንገድ ያለ ሰው ይቆማል፤ በበቅሎ ያለ ይወርዳል። ዲያቆኑ ቆመ። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረና በግንባሩ ተደፋ። ከጉብታው ላይ ሆኜ ስሙን እየጠራሁ ጮኽኩ፤ አልተነሣም። ሁለቱ የአምደወርቅ ልጆች እየሮጡ አማተቡና በአጠገቡ አለፉ። ደወሉ ሲያበቃ ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ የሮጠውን አሯሯጥ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ቁልቁለቱን ሳይሆን አየሩን ነው የረገጠው። በሦስት እርምጃ ያህል ተቀድሞ ሦስተኛ ገባ።

የአምደወርቁ መምህር ወደ ዳኛው ሄደ። ከእኔ የሚያንስ፣ ልብሱ የተጣፈ ሰው ነበር። "ጌታዬ፣ የእኔ ሁለተኛ ይህን ሰው አልቀደመውም" አለ። "ለሥጋ ወደሙ የሰገደን ሰው አልፎ ነው የገባው። ልጄንም ጠይቄው እሺ ብሏል። ቦታው ለዲያቆኑ ይሁን።"

ሹሙ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር አሉ። "አሠልጣኙ አንተ ነህ፤ ትቀበላለህ?"

ዲያቆኑ አጠገቤ ቆሞ ያለከልካል። አየኝ። ፊቱ ላይ ተስፋ ነበር፤ ደሴን ያየ ሰው ፊት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እኔ ግን ደሴ ላይ አራተኛ ስወጣ ቦታዬን ማንም አላነሣልኝም ነበር። ያ የተጣፈ ልብስ የለበሰ ሰው በሰው ሁሉ ፊት ከእኔ በልጦ መታየቱም አቃጠለኝ።

"አልቀበልም" አልኩ። "ሩጥ አልኩት እንጂ ቀድስ አላልኩትም። ሦስተኛ ሦስተኛ ነው።"

ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ ነጠላውን ከመሬት አነሣና መስቀለኛ አጣፋው። ዝም ማለቱ ባሰብኝ። ቢያለቅስ ወይም ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን አወቅኩት። አውቄ ነው የተናገርኩት።

"ደግሞ ለማን ነው የሰገድከው?" አልኩት በሜዳው ሙሉ እየተሰማሁ። "እንቁላል እየጠጣህ ከርመህ! ተልባህ ውስጥ ምን የነበረ መሰለህ?"

መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መሰላቸው። እሱ ግን አልሳቀም። ምላሱን ከላንቃው ጋር አጣበቀና ጣዕሙን የሚፈልግ ይመስል ቆመ። ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ የሚወጣው ነገር አልነበረም። ባዶ ሆዱን ሲያስመልስ አየነው። የአምደወርቁ መምህር ሄዶ ግንባሩን ያዘለት።

ሰኞ ማለዳ አባቱ ቤቴ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጁ ከኋላቸው ቆሟል። ግቡ ብላቸው ከደጃፉ አላለፉም። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

"መምህር፣ ልጣላዎት አልመጣሁም" አሉ። "ወጣት ነዎት፤ ወጣት ይሳሳታል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስንት ቀን ነው? ቀኖና በቁጥር ነው የሚሰጥ። እኔም በእጄ አቁርቤዋለሁና የኔም መከራ አብሮ ይታያል።"

ሃያ ሦስት ቀን ነበር። ደብተሩ ከኋላዬ ካለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ብል ግን ነገሩ ከሊቀ ካህናቱ ይደርሳል፤ ከዚያ ከገዥው ይደርሳል፤ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ።

"የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀኖች ብቻ ናቸው አባቴ" አልኩ። "ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ።"

"ሦስት?" አሉ። "እሁድ አልነካውም ማለት ነው?"

"አልነካውም።"

ሽማግሌው አለቀሱ። የደስታ ለቅሶ ነው። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ዳሰሱኝ፤ "ቀላል አደረጉልኝ፣ ሸክሜን አወረዱልኝ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ተባረክኩ።

ቀና ስል ልጁ ያየኛል። የተልባው ጣዕም ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ መጨረሻው ሐሙስ፣ ከአንዲት ረቡዕ በቀር፣ አንድ እንደነበረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደ ዋሸሁ አወቀ። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የአባቱን እንባ አየና ዘጋው። አባቱን ደግፎ ይዟቸው ሄደ።

የሦስቱን ቀን ቀኖና ጨረሰ። ፋሲካ አለፈና አባቱ ቀድስ አሉት፤ እምቢ አለ። ለምን? ዝም። እንደ ምእመን እንኳ ከቅጥሩ አልገባም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከበሩ ውጭ ካለ ወይራ ሥር ይቆማል። ቅስናው ቀረ። የታጨችለት ልጅ ቤተ ሰቦች ቄስ እንጂ ከደጅ የሚቆም ሰው አልፈለጉምና ሰርጉም ፈረሰ። አባትየው ትምህርት አስታበየው፣ ቤተ ክርስቲያንን ናቀ ብለው አመኑ። ሽማግሌ ቢላክባቸውም አልሰሙ፤ "ቀኖናውን ጨርሷል፤ አሁን ትዕቢት ነው" አሉ። በመጨረሻ ከቤታቸው አስወጡት፤ ማዕድም ከለከሉት። አንድ ቃል ተናግሮ ከአባቱ መታረቅ ይችል ነበር። ያን ቃል ቢናገር ግን ሽማግሌው አራት እሁድ ጾም የገደፈ ሰው እንዳቆረቡ ያውቃሉ። ስለዚህ ትዕቢተኛ ተብሎ ኖረ። የሰው መሬት በእኩል እያረሰ እንደሚኖር ሰማሁ። ሲሮጥ ያየው ሰው የለም።

እኔስ? በዓመቱ ሌላ ሯጭ ሁለተኛ አወጣሁና ደሴ ወሰድኩ። ደስ ብሎኛል። በዚያ በኩል ሳልፍ አንድ ሁለት ጊዜ ከወይራው ሥር ቆሞ አይቼዋለሁ፤ በቅሎዬን ወደ ሌላ መንገድ አዞርኩ።

አባቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞቱ። አርባቸው በወጣ ሰሞን ዲያቆኑ ቤቴ መጣ። አሁንም ዲያቆኑ እለዋለሁ እንጂ ዲያቆንነቱ ቀርቷል። እጁ የገበሬ እጅ ሆኗል። ተቀመጥ ስለው ተቀመጠ።

"ቁጥሩን ፈልጌ ነው የኔታ" አለ። "ለሌላ ካህን ብናገር ከአባቴ ጆሮ ይደርስ ነበር። አሁን አይደርስም።"

ልዋሽ አልቻልኩም፤ የምዋሽበት ምክንያትም አልቀረም። ደብተሩን ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። ክቦቹ ምን እንደሆኑ ነገርኩት። ጣቱን እያስኬደ በከንፈሩ በኽምጣኛ ቆጠረ፤ ድሮ እርምጃውን እንደሚቆጥረው።

"ሃያ ሦስት" አለ። "አራት እሁድ።" አልተቆጣም። የመጣበትን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ሊዘጋው ሲል ጣቱ ክብ የሌለበት ረቡዕ ላይ ቆመ። ደቂቃውን አነበበ። ወደ ላይ ሄዶ ሌሎቹን ቀኖች አነበበ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ረቡዕ ላይ መጣ።

"ያን ቀን እንቁላል የለበትም?"

"የለበትም። ተልባ ብቻ ነው።"

"ከሁሉም ቀን የፈጠንኩት ያን ቀን ነው የኔታ።"

ይህን እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ያኔ ማታ ስጽፈው አይቼዋለሁ፤ አይቼው ነው በማግስቱ ገበያ የወጣሁት። አሁን ከፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይወቅሰኝ፣ መልስ ይጠብቃል። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። አሠልጣኝነቴ ቀደመኝ።

"ያን ቀን ነፋሱ ከኋላህ ነበር" አልኩት።

ደብተሩን ተመለከተ። ከዚያ ገልብጦ ሳይዘጋው፣ እንደ ተከፈተ በሁለት እጁ ሰጠኝና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ጣቱ አርፎበት የነበረው ቦታ ላይ ከማሳ የመጣ አፈር ቀርቷል። አፈሩን አራገፍኩት። ከሥሩ፣ ከደቂቃው ቀጥሎ፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት "ነፋስ የለም" ይላል።